«ብሎን» ስንት ነገር ነው? ስለ ጎማ ማሰሪያ ስሞች የቀረበ ትችት

በአዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ የሚሠራ፣ ትውልዱ ስማዳ የሆነ የቀድሞ ተማሪያችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰች የሁለት ገጽ የሥራ መመሪያ አምጥቶ እንድንመለከትለት ጠይቆን ነበር። መመሪያዋ ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 በሚባለው የስፖርት መኪና ላይ የጎማ ማሰሪያዎችን አውጥቶ በረጃጅሞች ስለ መተካት ታስረዳለች። የተርጓሚው ስም አልተጻፈም፤ ቢጻፍም ባላነሣነው ነበር፤ ስሕተቱ የእርሱ ብቻ አይደለምና።

የመመሪያዋ አማርኛ በጠቅላላው የተቃና ነው። የተሰናከለችው በአንድ ቃል ነው። በእንግሊዝኛው ሦስት የተለያዩ ነገሮች በሦስት ስሞች ተለይተዋል። አንደኛው ራስ ያለውና ራሱ ተሽከርክሮ የሚገባ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ጎማው በሚታሰርበት የብረት እምብርት ውስጥ ከኋላ ተጠቅጥቆ የገባ፣ ጎማው ቢወርድም እዚያው የሚቀር ጥርሳም ዘንግ ነው። ሦስተኛው በዚህ ዘንግ ላይ የሚጠብቀው ባለ ቀዳዳ ብረት ነው። ተርጓሚው ሦስቱንም «ብሎን» ብሏቸዋል። ስለዚህ ሠራተኛው በመጀመሪያ ብሎኖቹን እንዲፈታ ይታዘዛል፤ ጎማውን ካወረደ በኋላ ደግሞ የፈታቸውን ብሎኖች እንደገና እንዲያወጣ ይታዘዛል። ነገሩን የሚያውቅ ይስቃል፤ የማያውቅ ግን ሁለተኛው ትእዛዝ የመጀመሪያው ድግግሞሽ መስሎት ያልፈዋል።

ለሦስተኛው ነገር ስም አጣን ማለት አይቻልም። «ዳዶ» አለ። «ብሎን» እና «ዳዶ»፣ እንደ «ጎማ» እና «ቸርኬ» ሁሉ፣ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ግን የማንም ጋራዥ አማርኛ ናቸው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በጋይንት አድርገው ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ አማርኛ ለሠረገላው ክብ እግር የነበረው «መንኮራኩር» ነበር፤ ለማሰሪያዎቹ ግን ስሙን ያመጣልን በኋላ የመጣው አውቶሞቢል ነው። የገባውን ቃል ለማስወጣት መድከም አያስፈልግም፤ ገና ያልገባውን ግን መፈለግ የእኛ ሥራ ነው። ያልገባው ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የቮልስዋገን ጎማ የሚታሰረው ተፈትቶ በሚወጣ ብሎን ነው፤ ስለዚህ «የጎማ ብሎን» ለእርሱ ትክክል ነው። ቶዮታ፣ ኒሳን፣ አይሱዙና ማዝዳ ግን የሚታሰሩት በእምብርቱ በሚቀር ዘንግና በዳዶ ነው። የስፖርት መኪና ባለቤት ጎማው ወደ ውጭ እንዲወጣለት ከእምብርቱ ፊት ስፔሰር የሚባለውን የብረት ሳህን ሲያስገባ ዘንጉ ያጥራል። መመሪያዋም የተጻፈችው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የባሰ ስሕተት እናገኛለን። በእንግሊዝኛው 12×1.5 ተብሎ የተጻፈውን ተርጓሚው የ12ቱን ቍጥር «ርዝመት» ብሎ ተረጐመው። 12 ሚሊ ሜትር ግን ውፍረቱ ነው፤ 1.5 በአንድ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት ነው። ርዝመቱ በዚህ አጻጻፍ ውስጥ ፈጽሞ የለም። አንድ ዳዶ ቢያንስ የዘንጉን ውፍረት ያህል እንዲይዝ ይፈለጋል፤ ይኸውም በ12 ሚሊ ሜትር ላይ 8 ዙር መሆኑ ነው። ስምንት ዙር ብቻ ይይዝ በነበረ ዘንግ ላይ የ10 ሚሊ ሜትር ሳህን ቢገባ የሚተርፈው ከ2 ዙር በታች ነው። ዳዶው ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል። ይህን መኪና ከነፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለማሰብ እንኳ አንደፍርም። ጥርሱም እንዲሁ ነው፤ በብዙ የኒሳን መኪኖች ላይ ያለው 1.25 ዳዶ በ1.5 ዘንግ ላይ ጥቂት ዙሮ ይነክሳል፤ አስገድደው ቢያጠብቁት ሁለቱንም ያበላሻል።

እንግዲህ ሁለተኛውን ምን እንበለው? ከባልደረቦቻችን አንዱ «ቅንዋት» የሚለውን ግእዝ አቅርቦ ነበር። ቤተልሔምና ዙር አምባ ባሉበት በጋይንት ለተማረ ሰው ቃሉ እንግዳ አይደለም፤ ችግሩም ይኸው ነው። አምስቱን ቅንዋት አውጣ የተባለ ተለማማጅ አስቀድሞ የሚያስበው ስቅለትን ነው። ከዚህም ሌላ ቅንዋት ችንካር ነው፤ ችንካር ጥርስ የለውም፤ ዳዶም አይቀበልም። ጣልያኖች ይህን ዘንግ «ፕሪጆኔሮ» ይሉታል፤ እስረኛ ማለታቸው ነው። የማይወጣ መሆኑን አይተዋል።

በእኛ በኩል መፍትሔው የመጣው ከተማሪያችን ነው። ለጋራዡ ተለማማጅ ሲያስረዳ «ዳዶውን ፍታ፤ ያ ግን ችካሉ ነው፣ አይፈታም» ይል እንደ ነበር ነገረን። በስማዳና በእስቴ በሬ ወይም በቅሎ የሚታሰርበት ችካል ተመትቶ ይተከላል፤ የሚፈታው ገመዱ ነው፤ ችካሉ ይቀራል። ትርጉሙ ከነገሩ ጋር የገጠመ ነው። የሚነሣበት አንድ ነቀፌታ አለ፤ ችካል ከላይ ይመታል፣ ይህ ግን ከኋላ ተስቦ ይገባል። ነቀፌታው ቀላል ነው፤ ስም የነገሩን ሁሉ ጠባይ አይሸከምም። ጋራዦች «ብሎን» ማለትን በአንድ ቀን እንደማይተዉ ስለምናውቅ «ችካል ብሎን» የሚለውን ጥምር ቃል እንመርጣለን፤ «ብሎን» ብቻውን ሲቆም ራስ ላለውና ለሚወጣው ይሁን።

«ረጅም» የሚለውም ያለ ማብራሪያ መጻፍ የለበትም። ለሠራተኛው የሚጠቅመው የችካል ብሎኑ ጠቅላላ ርዝመት ሳይሆን ጎማው ከገባ በኋላ ወደ ውጭ የሚተርፈው ጥርሳም ክፍል ነው። በእምብርቱ ቀዳዳ የሚነክሰው አንገት ውፍረትም ለብቻው ይጻፍ፤ እርሱ ካልገጠመ ዳዶው ሲጠብቅ ችካሉ አብሮ ይዞራል።

መመሪያዋን በዚህ መልክ አርመን መለስናት። ተማሪያችን ከጋራዡ ግድግዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት በእስክሪብቶ ሁለት ቦታ «ብሎን» የሚለውን ሰርዞ «ችካሉ» ብቻ አድርጎታል። አልከለከልነውም።