ያዘመመው ዩኒቬር፤ የአንድ የማተሚያ ፊደል ዳሰሳ

የላቲን ፊደል በኅትመት ላይ ዘመም ማለትን የተማረው ከጸሓፊ እጅ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1501 የቬኒሱ አታሚ አልዱስ ማኑቲየስ የቨርጂልን ቅኔዎች ያሳተመበት፣ ፍራንቸስኮ ግሪፎ የቀረጸው ፊደል፣ የዘመኑ ሊቃውንት በፍጥነት ሲጽፉ የሚጠቀሙበትን የእጅ ጽሕፈት የተከተለ ነበርና። በ1957 የወጣው ዩኒቬር ግን ይህን የብርዕ ውርስ አውቆ የተወ ፊደል ነው። ሠሪው የስዊስ ተወላጁ አድሪያን ፍሩቲገር፣ ፓሪስ በነበረው በደበርኒ ኤ ፔኞ የፊደል ማምረቻ ሲሠራ፣ ቀጥ ያለውና ያዘመመው የአንድ ባሕርይ ሁለት አቋሞች እንዲሆኑ ስለ ወሰነ፣ ጫፉ ላይ ጌጥ የሌለው ይህ ፊደል ሲያዘም መልኩን አይለውጥም። ከእርሱ አስቀድሞም እንዲህ ያሉ ፊደሎች ነበሩ፤ ነገር ግን ማዝመምን ከመነሻው በሥርዓት ያሰበበት ጥቂት ነው። 21ዱን ዓይነቶች በስም ፈንታ በቁጥር ጠራቸው፤ መደበኛው 55፣ ያው ራሱ ሲያዘም 56 ይባላል።

ነገሩን አቅልሎ የሚያይ ሰው ፊደሉን በመሣሪያ ወደ ቀኝ መግፋት ይበቃል ይል ይሆናል። ሆኖም ቁመቱን ሳይለቅ 16 ዲግሪ የተገፋ ቋሚ መስመር ውፍረቱ ከመቶ 4 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ክብ የሆነችው የላቲን ኦ ደግሞ በላይኛው ቀኝና በታችኛው ግራ ጎኗ ትወፍራለች፣ በቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ትሳሳለች፣ ስለዚህም ያበጠ ገላ ትመስላለች። ይህን የሚያቃናው የቀራጩ ዓይን ነው፤ 56ን ከ55 አጠገብ አስቀምጦ የሚመረምር ሰው የመስመሩን እኩልነት አይቶ የተደከመበትን ሥራ ይረዳል።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ የአፕል ኩባንያ ጠበብ ያለውንና ያዘመመውን ዩኒቬር በብዙ የቁልፍ ሰሌዳዎቹ ላይ አሳርፎት ነበር፤ አንዲት ፊደል ለብቻዋ በምትቆምበት ጠባብ ቁልፍ ላይ፣ ያለ ጌጥ ሕይወት የሚሰጣት ያ መጠነኛ ዘንበል ማለቷ ነውና ምርጫው የሚመሰገን ነው። በረጅም ጽሑፍ መካከል አንዲት ቃል ለይቶ ለማሳየት ግን ደካማ ነው፤ ቅርጹ ስለማይለወጥ ዓይን ሳያስተውለው ያልፋል። በዚህስ፣ ያዘመመው ዓይነቱ የብርዕን ጠባይ በከፊል የጠበቀው የኤሪክ ጊል ፊደል፣ ጊል ሳንስ፣ ይበልጠዋል ባይ ነኝ።

እግረ መንገዴን ስለ ራሳችን ፊደል አንድ ነገር ልበል። የብራና ጸሓፊዎቻችን የቅዱሳንን ስም ለይተው ያከበሩት በቀይ ቀለም እንጂ በማዝመም አልነበረም፤ ግእዙ ከራብዑ፣ ለ ከላ፣ የሚለየው በእግሩ ርዝመት ስለ ሆነ፣ ኮምፒውተር በጅምላ ወደ ቀኝ የገፋው የአማርኛ ገጽ ይህን ልዩነት ለዓይን ያደበዝዛል። ስለዚህ የጋዜጣና የመጽሐፍ አዘጋጆች፣ ለይተው ሊያሳዩት የሚሹት ቃል ሲኖር፣ የሚያዘምመውን አዝራር ትተው በደማቅ ፊደል ወይም በትእምርተ ጥቅስ እንዲገለገሉ አሳስባለሁ።