ፍቅር በዳኝነት አደባባይ፤ የ«ጤዛ» ፊልም የጊዜ አወቃቀር

የፍቅር ታሪክ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ለረጅም ዘመን የተጓዘው እንደ ወንዝ ነው፤ ከምንጩ ይነሣል፣ በሸለቆው ይወርዳል፣ ከፍጻሜው ይደርሳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከርእሱ ጀምሮ የዚህን ጉዞ መነሻና መድረሻ ይናገራል። አንባቢው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ደረጃ በደረጃ ይከተላል፤ ልቡ የሚንጠለጠለውም «ይገናኙ ይሆን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ይህ የአተራረክ ስልት ታላላቅ ሥራዎችን አፍርቷል። ይሁን እንጂ ፍቅር በሰው ልቡና ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል ይኖራል ለማለት ያስቸግራል። ለብዙ ዓመታት ሲጣሉና ሲታረቁ፣ ሲለያዩና ሲፈላለጉ የኖሩ ሁለት ሰዎች ያለፈውን በተራ ቁጥር አያስታውሱትም። የዛሬው ቁስል የጥንቱን ሣቅ ይጠራዋል፤ የጥንቱ ሣቅ ደግሞ የዛሬውን ዝምታ ያከብደዋል።

ጊዜን ሰብሮ መተረክ ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ ነው የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰነዘራል። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት «አደፍርስ» ቀጥተኛው የትረካ መንገድ ለአማርኛ ልብ ወለድ ግዴታ አለመሆኑን ቀደም ብሎ አሳይቷል። ከመጻሕፍት ውጪም ቢሆን ስልቱ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ሥር ያለው ነው። ይህንንም ከሚያስረዱት ባህሎች አንዱ በአርሲ ይገኛል።

ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ቁልቁል ሲወረድ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ኦጎልቾ ትገኛለች። በዚህ አገር፣ በአርሲ ኦሮሞ ባህል፣ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ ሲንቄ የምትባል ቀጭንና ቀጥ ያለች በትር ከእናቷ እጅ ትቀበላለች። በትሯ ያገባች ሴት የክብርና የመብት ምልክት ናት። ባል ወሰን አልፎ ሚስቱን ሲበድል ተበዳይዋ ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰሙ ሴቶች የያዙትን ሥራ ጥለው፣ የየራሳቸውን ሲንቄ አንሥተው ከቤት ይወጣሉ። ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ታይቶ፣ በዳይ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም።

እዚህ ላይ የነገሩን ቅደም ተከተል ማስተዋል ይገባል። የመንደሩ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ጩኸቱን፣ ማለትም የታሪኩን መጨረሻ ነው። ቀጥሎ ሴቶቹ በአንድነት ሲተሙ ያያል። ከዚያ በኋላ ብቻ «ምን ሆነ? ከመቼ ጀምሮ? ማን ምን አለ?» እየተባለ ወደ ኋላ ይኬዳል። ዳኝነት ምንጊዜም ከጉዳቱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ ይመለሳል። በኪነ ጥበብ «ምልሰት» የሚባለው ስልት በዚህ ዓይን ሲታይ የዳኛ አካሄድ ነው። እንደ ዳኝነትም ሁሉ ሁለት ግዴታዎች አሉበት፤ አንደኛው ጉዳቱን ካስከተለው ምክንያት መድረስ ነው፤ ሁለተኛው የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት ነው።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በእነዚህ ሁለት ግዴታዎች ሊመዘን የሚገባው ፊልም ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ 140 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አግኝቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዋጋዱጉ በተካሄደው የፌስፓኮ ፌስቲቫል ዋናውን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ሽልማት ተቀዳጅቷል። ፊልሙ ስለ አንድ የምሁራን ትውልድ፣ ስለ አብዮትና ስለ ስደት የሚናገር ታሪክ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን «ጤዛ» የፍቅር ታሪክም ነው። ያውም በሁለት አገሮች፣ በሁለት ሴቶችና በአንድ ቁስለኛ ወንድ መካከል ለዓመታት የተናወጠ ፍቅር ታሪክ ነው።

አንበርብር (አሮን አረፈ) በ1990 እ.ኤ.አ. በጣና ሐይቅ አካባቢ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። አንድ እግሩን አጥቷል፤ አእምሮው በቅዠት ይታመሳል፤ ያለፈውንም አጥርቶ ማስታወስ አቅቶታል። እናቱ (ታከለች በየነ) ለፈውስ ወደ ጠበል ትወስደዋለች። ያለፈው ዘመን የሚመለሰው በዚህ የሕመም ጊዜ ነው፤ ሲመለስም ተሰባብሮ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሕክምና ሲማር ያሳለፈው የወጣትነት ዘመን፣ ከጓደኛው ከተስፋዬ ጋር የተካፈለው የለውጥ ተስፋ፣ ካሳንድራ ከምትባለው ጥቁር ጀርመናዊት ጋር የነበረው ፍቅር፣ ወደ አገሩ ተመልሶ በደርግ ዘመን ያየው ሽብርና የተስፋዬ በመንጋ ተደብድቦ መሞት፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ጀርመን መላኩ፣ ሁሉም እየተቆራረጡ ከመንደሩ የዕለት ኑሮ መካከል ይገባሉ። በዚያው መንደር ደግሞ ወጣቶች ለውትድርና ይታፈሳሉ፤ ጦርነቱ በቅርብ ርቀት ይሰማል።

አዘጋጁ የመጀመሪያውን ግዴታ በሚያስደንቅ ብቃት ተወጥተዋል። ተመልካቹ የአንበርብርን ጉዳት የሚያየው ገና ከጅምሩ ነው። እግሩ በጀርመን አገር ዘረኞች ባደረሱበት ጥቃት መቆረጡን የሚረዳው ግን ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። ፍቅሩም እንደዚሁ ነው፤ ካሳንድራ ከአጠገቡ አለመኖሯን ያወቀ ተመልካች ነው ሁለቱን በወጣትነታቸው አብረው የሚያያቸው። በዚህም ምክንያት «ይገናኙ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ገና ሳይጠየቅ ይሞታል፤ በምትኩ «የለያቸው ኃይል ምንድን ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይወለዳል። የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልካቹን ጓጊ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን መርማሪ ያደርገዋል። ካሳንድራ በአፍሪካዊ አባቷ ምክንያት በተወለደችበት አገር እንደ ባዕድ የምትታይ ሴት ናት። ተስፋዬም ከጀርመናዊቷ ጋቢ ልጅ ወልዶ፣ እናትና ልጅን ትቶ ወደ አገሩ ይሄዳል። እነዚህ ነገሮች ከጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚደረግ የወጣቶች ጠብ የዘረኝነት፣ የስደትና «አገሬ ትጠራኛለች» የሚል ስሜት ሸክም ያለበት ሆኖ ይገለጣል። ታሪኩ በቀጥታ መስመር ቢተረክ ኖሮ ይህ ሁሉ የሁለት ሰዎች የጠባይ አለመስማማት ብቻ መስሎ ሊያልፍ ይችል ነበር።

ሁለተኛውን ግዴታ በተመለከተ ግን ፍርዱ የተለየ ነው። ለማነጻጸር ያህል የስታንሊ ዶነንን «ቱ ፎር ዘ ሮድ» የተባለውን የ1967 እ.ኤ.አ. ፊልም መጥቀስ ይቻላል። ፍሬድሪክ ራፋኤል በጻፈው፣ ኦድሪ ሄፕበርንና አልበርት ፊኒ በተጫወቱበት በዚህ ፊልም፣ ባልና ሚስት በተለያዩ ዓመታት በፈረንሳይ አገር ያደረጓቸው ጉዞዎች በአንድ ላይ ይሸመናሉ። ተመልካቹ ዘመኑን የሚለየው በሚነዱት መኪና፣ በልብሳቸውና በጠጉራቸው አበጣጠር ነው። በማኅበራዊ ይዘቱ ያ ፊልም ከ«ጤዛ» ጋር አይወዳደርም፤ የሁለት ባለጸጎች የትዳር ጭቅጭቅ ከአንድ ሕዝብ ሰቆቃ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። በአንድ ነገር ግን ይበልጣል። መንገዱ የሁለቱም ነው፤ ትዝታውም የሁለቱም ነው። ሴቲቱ የጠቡን ታሪክ የባሏን ያህል ይዛዋለች።

በ«ጤዛ» ውስጥ ያለው ትዝታ ግን ያንዱ ነው። ካሳንድራ የምትኖረው አንበርብር ሲያስታውሳት ብቻ ነው። እርሱ ከሄደ በኋላ በየትኛው ቤት፣ በምን ዓይነት ሐሳብ ብቻዋን እንደቀረች ፊልሙ የእርሷ የሆነ ጊዜ ሰጥቶ አያሳየንም። አራባ ኤቭሊን ጆንስተን አርተር የተጫወተችው ይህች ገጸ ባሕርይ ብርቱ አንደበት አላት፤ ትከራከራለች፣ ትቆጣለች፣ ታስጠነቅቃለች። ሆኖም ክርክሯ ሁሉ ወደ ተመልካቹ የሚደርሰው በተከሳሹ ትዝታ ተጣርቶ ነው። በሲንቄ ሥርዓት ቋንቋ ቢነገር፣ የተበዳይዋ ጩኸት ተሰምቷል፤ ቃሏ ግን በራሷ አፍ አልተሰማም።

ለዚህ ነቀፌታ መልስ አይጠፋም። ፊልሙ የአንድ ሕመምተኛ ሰው አእምሮ ጉዞ ነው፤ በእርሱ አእምሮ ውስጥ የሌለውን ማሳየት የተመረጠውን አንጻር ማፍረስ ነው ሊባል ይችላል። ይህ ክርክር ክብደት አለው። ነገር ግን ያው ፊልም ለእናቱና ለአዛኑ ከዚህ የሰፋ ቦታ ሰጥቷቸዋል። ተጄ ተስፋሁን የተጫወተችው አዛኑ ትዳሯ ፈርሶ፣ በልጇም ሞት ምክንያት ከመንደሩ ሰው የተገለለች፣ በአንበርብር እናት ቤት የተጠለለች ሴት ናት። የእርሷ ሕማም የማንም ትዝታ አይደለም፤ በዕለት ሥራዋ፣ በዝምታዋ፣ በመንደሩ ሰው ፊት በምትሸከመው ውርደት በቀጥታ ይታያል። ከአንበርብር ጋር የሚፈጠረው ፍቅር እምነት የሚጣልበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት ቁስለኞች፣ ሁለቱም ያለፈ ዘመን ያላቸው፣ በአንድ የጊዜ ሜዳ ላይ እኩል ይቆማሉ። አንበርብር የመንደሩን ልጆች ለማስተማር መነሣቱና በአዛኑ ማሕፀን የሚመጣው ልጅ ተስፋ ሆነው የሚታዩት ከዚህ እኩልነት የተነሣ ነው። ለአዛኑ የተቻለው ለካሳንድራ አለመቻሉ እንግዲህ የስልቱ ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው።

የአዛኑ ዕጣ በኦጎልቾ ዓይን ሲታይ ሌላም ነገር ያስተምራል። የአርሲዋ ሴት በትዳሯ ስትበደል በትሯን አንሥታ የምትጠራው ማኅበር አላት። ጠቡ የብቻዋ ሆኖ ውስጥ ውስጡን አይበላትም፤ ወደ አደባባይ ወጥቶ፣ ዳኝነት አግኝቶ፣ በካሣ ያልቃል። አዛኑ ግን እንዲህ ያለ ማኅበር አላገኘችም፤ ያለቻት አንዲት አሮጊት ብቻ ናት። ይህ ንጽጽር አንዱን ሕዝብ ከሌላው ለማስበለጥ የሚቀርብ አይደለም፤ በየትኛውም አገር የሴት በደል ሲደበቅ የሚያስከትለውን ጥፋት ለማስተዋል ነው። «ጤዛ» የመንደሩን ፍርድ ከማውገዝ አልፎ የእናትየውን መጠለያ ማሳየቱ ከጠንካራ ጎኖቹ አንዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለመምህራንና ለከያንያን የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። በአሰላም ሆነ በኦጎልቾ ድራማ የሚጽፍ ወጣት ምልሰትን የሚጠቀመው ተመልካችን ለማደናገር ወይም ዘመናዊ ለመባል ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ሲወጡ ትዕይንቱን ቢጀምር፣ ከዚያም ወደ ሠርጉ ቀን፣ ወደ መጀመሪያው ስድብ፣ ወደ ድርቁ ዓመት፣ ወደ ዕርቁ ማታ እየተመላለሰ ምክንያቱን ቢፈልግ ግን አገርኛ መሠረት ያለው የጊዜ አወቃቀር ይኖረዋል። በዚህም ጊዜ ሚስቲቱ የምታስታውሰው ዕለትና ባልየው የሚያስታውሰው ዕለት አንድ ላይሆን ይችላል። በሁለቱ ትዝታዎች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ድራማ ነው። የባህል መሪዎችም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ «ታሪኩ አይያያዝም» ብለው ከመመለሳቸው በፊት የተሰበረው ጊዜ ምን እውነት ለማውጣት እንደተሰበረ ሊጠይቁ ይገባል።

ጤዛ ማለዳ በሣሩ ላይ ይታያል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይረግፋል። ኃይሌ ገሪማ ይህን ስም ለአንድ ትውልድ ተስፋና ፍቅር መስጠታቸው ልብ የሚነካ ነው። የአንበርብርን ጤዛ አይተናል፤ የአዛኑንም በከፊል አይተናል። በኮሎኝ የቀረችው ሴት ማለዳ ግን ገና አልተቀረጸም። እርሱን ለመቅረጽ የሚነሣ የፊልም ባለሙያ ቢገኝ የጎደለው ምስክር ወደ አደባባዩ ይገባል፤ ዳኝነቱም ይሟላል።