ጌጥና ቦታው፦ ከሐረር ግድር ጋር እስከ አዲስ አበባ ሳሎን

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገብቶ አሚር አሕመድ ፊት ሲቀርብ ያየውን አዳራሽ በመጽሐፉ ገልጾታል። ግድግዳው በኖራ ነጥቷል፤ በላዩ የዛጉ ጠመንጃዎች ተሰቅለዋል፤ ከጠመንጃዎቹ ጋር ደግሞ ተወልውለው የሚያብረቀርቁ የእግር ብረቶች። ጠመንጃው ዝጓል፣ እግር ብረቱ ግን በየጊዜው ይወለወላል። አሚሩ እንግዳው የትኛውን ልብ እንዲልለት እንደሚፈልግ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻም። በርተንም ጌጡ መልእክት ያዘለ መሆኑን ሳይጠቁም አላለፈም።

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ ያሉት ተራ ቤቶችም ግድግዳቸው እንዲሁ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ስለ ሐረር ቤት ብዙ ተጽፏል። ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ የቤቶቿ ውስጣዊ አሠራር ነበር። ኤሊዛቤት ዶሮቴያ ኸክትን የመሰሉ አጥኚዎችም ቀደም ብለው ቤቱንና ስፌቱን በዝርዝር መርምረዋል። እኔ እዚህ የማነሣው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፤ ቤትን በባህል ዕቃ ማስጌጥ እንደ አሸን በፈላበት በዚህ ዘመን፣ በግድር ጋር ግድግዳ ላይ ያለው ስፌትና በአንድ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ጥግ የቆመው መሶብ በምን ይለያያሉ? የተለመደው መልስ «አንዱ እውነተኛ፣ ሌላው የውሸት» የሚል ነው። ይህ መልስ አያስኬድም።

ግድር ጋር የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ነው። ወለሉም መደቡም በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ቅላቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ሲባል ይሰማል። ክፍሉ አምስት መደቦች አሉት፤ ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል። ከፍታቸውም ማዕረጋቸውም እኩል አይደለም። ለምሳሌ አሚር ነደባ የአባወራውና የከበረ እንግዳ ነው፤ ግድር ነደባ ሰፊው የብዙኃን መቀመጫ ነው፤ ሱትሪ ነደባ ከዓይን ገለል ያለ ነው፤ ገብቲ ኤሐር ነደባ እንደ ስሙ ከበሩ ጀርባ ነው። ሰው ገብቶ የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይነግረዋል። በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉት መስኮት መሰል ጎድጓዳ ቦታዎች ለቁርኣንና ለመጻሕፍት፣ ለዕቃም ይሆናሉ። ከነሱ በላይና በመካከላቸው ስፌት፣ የእንጨት ገበታ፣ የኢናሜል ሳህን ግድግዳውን ይሞሉታል። ከበሩ በላይ ባለው ቦታ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ደግሞ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት እንደሆነ ይነገራል። ጌጡ ማስታወቂያም ነበር።

ከስፌቶቹ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ሐማት ሞት ይባላል። የአማርኛ ጆሮ እንዳይደነግጥ፣ ሞት በሐረሪ የስፌት ዕቃ ነው፤ ሐማት ሞት ሙሽራዋ ለአማቷ የምታበረክተው ስፌት ነው። ስፌት እንዴት እንደሚሠራ የሰፋች እናት ያለችው አንባቢ አይስተውም። ስንደዶው ጥቅል ሆኖ እየዞረ ይሄዳል፤ ወስፌ ይወጋል፤ በተቀደደው ቀዳዳ አክርማው ያልፍና ይጠብቃል። አንዱ ዙር ከቀዳሚው ጋር ካልጠበቀ ስፌቱ ይላላል፤ ቀለሙ በየት እንደሚገባ ሰፊዋ አስቀድማ ካልቆጠረች ሐረጉ ሲዞር አይገጥምም። ደህና ስፌት የወራት ሥራ ነው። ስለዚህ ሐማት ሞት ግድግዳው ላይ ሲሰቀል አማቲቱ የምታየው ቆንጆ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የምራቷን ትዕግሥት፣ የቆጠራ ችሎታና የእጅ ጥብቀት ታያለች። ጎረቤትም መጥታ ታያለች፤ ታነጻጽራለች፤ ምናልባትም ታማለች። ግድግዳው ማን ከማን ጋር እንደተጋባ፣ የማን እጅ ምን ያህል እንደሚጠብቅ የተመዘገበበት የቤተሰብ መዝገብ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ብዙዎቻችን የምንወድቅበትን የናፍቆት ወጥመድ ማንሳት ይኖርብኛል። የሐረሪ ግድግዳ ንጹሕ የአገር በቀል ውጤት ሆኖ አያውቅም። ያ በአበባ ያሸበረቀ የኢናሜል ሳህን የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ በነጋዴ እጅ የገባ። ሐረር የንግድ ከተማ ነበረች፤ ግመሉ ከዘይላ ይመጣ ነበር፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ የውጭ ዕቃው ቀረበ። ከ1879 በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች ባለ ፎቅና ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶች ሠሩ፤ ቆይቶም የሕንድና የሐረሪን አሠራር ያዳቀለ ሦስተኛ ዓይነት ቤት ብቅ አለ። ዛሬ ጎብኚ «ጥንታዊ» እያለ ፎቶ ከሚያነሳው የጀጎል ገጽታ ብዙው የዚህ ግብይት ልጅ ነው። በዘመኑ አንድ ቁጡ ሽማግሌ «እነዚህ የፈረንጅ ሳህኖች የእናቶቻችንን ገበታ አባረሩት» ብሎ ቢያማርር ትክክል ይሆን ነበር።

ሳህኑ ግን በግድግዳው ላይ ባዕድ ሆኖ አልቀረም። ለምን? ሲገባ የሚጠብቀው ሥርዓት ስለነበረ ነው። ከየትኛው ስፌት በታች፣ ከየትኛው ነደባ ትይዩ እንደሚሰቀል የቤቱ እመቤት ከእናቷ ተምራለች። ሥርዓቱ ጽኑ ስለሆነ አዲስ ዕቃ ቢገባበት አልፈረሰም፤ ዕቃውን ዋጥ አድርጎ የራሱ አደረገው። የጌጥ ትርጉም ከዕቃው የትውልድ አገር አይመነጭም። ከተመደበለት ቦታ፣ ከሰቃዩ እጅና ከተመልካቹ ዕውቀት ይመነጫል። የባሕር ማዶ ሳህን ሐረሪ መሆን ከቻለ በእጅ የተሰፋ የአገር ቤት መሶብም በገዛ አገሩ ባዕድ ሊሆን ይችላል።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። መጀመሪያ ግን ብዙ ስለሚሾፍበት ስለ ቡፌ አንድ ነገር ልበል። ባለ መስታወቱ ቡፌ፣ ውስጡ ለዓመታት ከንፈር ያልነካቸው ብርጭቆዎች፣ በቴሌቪዥኑና በፍሪጁ ላይ የተዘረጋው ዳንቴል፣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ ከበላይ የሠርግ ፎቶ። የተማረው ትውልድ ይህን ሳሎን የጣዕም ጉድለት ማሳያ አድርጎታል። እኔ አልስማማም። ቡፌው ከግድር ጋር ግድግዳ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ያ የሻይ ስኒ ቤይሩት የሠራች እህት የላከችው ነው፤ ይሄኛው ትሪ የሠርግ ስጦታ ነው፤ ዳንቴሉን የሠራችው ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ነው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቲቱ ስለ አንዱ ዕቃ ከተጠየቀች ታሪክ አላት። አቧራውም ታሪክ አለው፤ በበዓል ዋዜማ ሁሉም ወርዶ ይታጠባል፣ ተወልውሎ ወደየቦታው ይመለሳል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቡፌው እየወጣ፣ ጂፕሰሙና የተደበቀው መብራት እየገባ ነው። ከነሱ ጋር «ባህላዊ ጥግ» ወይም «የቡና ጥግ» የሚባለው መጣ። ይህ ጥግ አሁን በጥቅል የሚሸጥ ነገር ሆኗል። መሶብ፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ ሁለት በርጩማ፣ የጥበብ ጥለት ያለው ትራስ፣ ከሥር ሰው ሠራሽ ሳር። ዲኮር የሚሠራው ባለሙያ ፎቶውን በስልኩ ያሳያል፤ ደንበኛዋ ትመርጣለች፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተገጥሞ ያልቃል። የጎረቤቷ ጥግ ተመሳሳይ ነው። በዚህ ውስጥ መገዛቱም፣ ፋሽን መሆኑም አያስከፋኝም፤ ሐረርም ገዝታለች፣ ሐረርም ፋሽን ነበራት። የሚያስከፋው መሶቡ የቆመበት ቦታ ነው። መሶብ የሚከበብ ዕቃ ነው። በሁለት ግድግዳ መካከል፣ ሶፋው ጀርባ ተሸጉጦ ሲቆም ማንም ሊከበው አይችልም፤ ክዳኑን ለማንሳት እንኳ ትራሱን ማዛወር ይጠይቃል። ስለዚህ አይከፈትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ክዳኑ ላይ የስልክ ቻርጀርና የቤት ቁልፍ ይቀመጥበታል። እንጀራው ኩሽና ውስጥ በፕላስቲክ ዕቃ ነው።

ሳሩ ደግሞ ከመሶቡ ይብሳል። ቄጤማ ግቢው ወደ ሳሎን የሚገባበት መንገድ ነበር። ጠዋት ተቆርጦ ይመጣል፤ ሲጎዘጎዝ ቤቱን ሽታው ይሞላዋል፤ ማታ ሲረጋገጥ ይጠወልጋል፤ በማግሥቱ ተጠርጎ ይወጣል። ኃይሉ በዚህ መጠውለግ ላይ ነው፤ ወለሉ ላይ ቄጤማ ያየ ሰው ዛሬ ዓውደ ዓመት ወይም የከበረ እንግዳ እንዳለ ያውቃል። የፕላስቲኩ ሳር ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ማክሰኞም ዓውደ ዓመት ነው ይላል። ውሸቱ ከፕላስቲክ መሠራቱ ላይ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያውን መሰረዙ ላይ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ትኩስ ቄጤማ በየሠፈሩ ስለማያገኙና ዕጣኑም የጭስ ማስጠንቀቂያውን ስለሚያስጮህባቸው በአርቴፊሻሉ ቢብቃቁ ይገባኛል። ቄጤማው በየመንገዱ ዳር እየተሸጠ ለምን ፕላስቲክ እንደሚመረጥ ግን «መጥረግ ያሰለቻል» ከሚለው ሌላ መልስ አልሰማሁም።

ከጥጉ አልፎ ደግሞ የገበሬ ዕቃ በግድግዳ ላይ መስቀል አለ። መጀመሪያ በባህላዊ ምግብ ቤቶች ታየ፤ ከዚያ ወደ መኖሪያ ቤት ተሻገረ። ሞፈርና ቀንበር በቫርኒሽ ተቀብተው ከሶፋው በላይ ይንጠለጠላሉ። ቫርኒሹን ልብ በሉት፤ የበሬው ትከሻ ያለሰለሰውን የቀንበሩን ክፍል ካልተነካው ጋር አንድ ዓይነት አብረቅራቂ አድርጎታል። የሥራ ምልክቱ ጠፍቷል። ስፌትን የሰቀለችው ሰፊዋ ወይም ወዳጅዋ ነች፤ ሞፈርን የሰቀለው ግን አርሶ የማያውቅ ሰው ነው። ይህ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ቤቱ የቆመው የከተማው መስፋፋት ከገበሬ እጅ በወሰደው መሬት ላይ ሲሆን ግን በተመልካቹ ላይ የሚያሳድረው ስሜት የአሚሩን የእግር ብረት ያህል ይከብዳል።

ስለ ግቢ ማስጌጥ ብዙ አልልም፤ ሂደቱ ያው ስለሆነ። የቀድሞው የአዲስ አበባ ግቢ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጌሾ፣ አንድ የኮክ ዛፍና በር አጠገብ ጽጌረዳ ነበረው። ማስቀመጫው የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነበር፤ ከላዩ የተቆረጠ፣ ከሥሩ በምስማር የተበሳ፣ ከአጥሩ በተረፈ ቀለም የተቀባ። ጤና አዳሙ ለቡና ይቀጠፋል፤ ጎረቤትም መጥታ «ቅጠል ስጪኝ» ትላለች፤ ግቢው በዚህ ያስተዋውቃል። አዲሱ ግቢ ምንጣፍ ሳር፣ ነጭ ጠጠር፣ በሩ ላይ ሁለት የሲሚንቶ አንበሳ አለው። ከቤተ መንግሥት ደጃፍ የወረዱት አንበሶች እያነሱ መጥተው አንዳንዶቹ ዛሬ ድመት አክለዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሳር አጠጥቶ ማኖርም ራሱን የቻለ የሀብት ማስታወቂያ ነው፤ ከዚህ አንጻር ምንጣፍ ሳሩ ከሲሚንቶ አንበሳው ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

በጀጎል ያሉ አንዳንድ ቤተሰቦች ግድር ጋራቸውን ለእንግዳ ማሳደሪያ ከፍተዋል። ቤቱ ሙዚየም ሆነ ብለው የሚያዝኑ አሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሙዚየሙን ለማየት የከተማዋ የባህል ማዕከል ያሳነጸውን ግድር ጋር መጎብኘት ይቻላል፤ ሁሉም ነገር በቦታው አለ፣ የሚቀመጥ ሰው የለም። እንግዳ በሚቀበለው ቤት ግን እመቤቲቱ ለጎብኚው «እዚያ አትቀመጥ፣ እዚህ ና» ትላለች። እንዲህ እስካለች ድረስ ሥርዓቱ አልሞተም፤ ገንዘብ መቀበሏም አይገድለውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ዲኮር ሠሪዎችን ነው። ባህላዊ ጥግ ለመሥራት ስትጠሩ ከፎቶው በፊት ሜትራችሁን አውጡና መሶቡ ሲከፈት ስንት ሰው ሊከበው እንደሚችል ለኩ፤ የዕጣኑ ጭስ በየትኛው መስኮት እንደሚወጣም እዩ። የአብዛኞቹ ኮንዶሚኒየሞች ሳሎን ጠባብ ስለሆነ መሶቡ ከጥግ ወጥቶ መሐል ላይ መቆም ይኖርበታል፤ ለዚህ ደግሞ መሐሉን የያዘው የመስታወት ጠረጴዛ መውጣት አለበት። ደንበኛዋ ጠረጴዛውን አላወጣም ካለች መሶቡን አትሽጡላት።