የታዘለው ፕሬዚዳንት

ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ መኮንን፣ ገንዘብ የተረፈው ቀጣሪ፣ የቀድሞ ጓዶችን መልሶ ማሰባሰብ፣ ክህደት፣ በመጨረሻም በቀል፤ ስለ ቅጥረኛ ወታደሮች የተሠሩ ፊልሞች የሚመላለሱበት መንገድ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለእይታ የበቃው የአንድሪው ማክላግለን «የዱር ዝዮች» ከዚህ መንገድ ዝንፍ አይልም።

ሪቻርድ በርተን የሚጫወተው ኮሎኔል ፎክነር በአንድ የለንደን ባለባንክ ተቀጥሮ፣ ከሥልጣን የተወገደውን የአንዲት ምናባዊ አፍሪካዊት አገር ፕሬዚዳንት፣ ሊምባኒን፣ ከእስር ለማውጣት ሃምሳ ያህል ሰዎች አስከትሎ ይዘምታል። ቀጣሪው ግን ስለ መዳብ ሲል ከገዢው ጄኔራል ጋር ይስማማና ዘማቾቹን ሜዳ ላይ ይጥላቸዋል። ሊጭናቸው የመጣው አውሮፕላን ዓይናቸው እያየ ትቷቸው የሚነሣበት ትዕይንት ዛሬም ልብ ይሰቅላል። በርተንና ሪቻርድ ሃሪስም ዕድሜና ድካም የተጫናቸውን ወታደሮች አሳምረው ተጫውተዋል።

የፊልሙ ጉድለት ሐዘኑን ሲያከፋፍል ይገለጣል። ዘማቾቹ ካምፑ ውስጥ ገብተው የተኙትን ወታደሮች በመርዝ ጋዝ ይፈጃሉ፤ ከሟቾቹ አንዱም ስም የለው። ፎክነር ጓደኛው በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ብሎ ሲገድለው ግን ተመልካቹ እንዲያለቅስ ይፈለጋል። ዘመቻው የተደረገለት ሊምባኒ ታሞ፣ በነጩ ደቡብ አፍሪካዊ ቅጥረኛ ጀርባ ታዝሎ ይጓዛል። ሁለቱ ስለ አብሮ መኖር የሚነጋገሩበት ክፍል ከፊልሙ ሁሉ የተሻለው ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆዩ ሁለቱም ይሞታሉ። ታሪኩ የሚቋጨውም የሟቹ ጓደኛ ልጅ ዘንድ ነው፤ መሪውን ያጣው ሕዝብ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሊምባኒን የተጫወተው ዊንስተን ንትሾና እ.ኤ.አ. በ1975 ከጆን ካኒ ጋር የቶኒ ሽልማት የተቀበለ ታላቅ የመድረክ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ተዋናይ በሰው ጀርባ አስጭኖ ማለፍ የድርሰቱን ድህነት ያጋልጣል።

የፊልሙ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኮንጎ ቅጥረኞችን የመራው ማይክ ሆር ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 ተከታዮቹን ቢራ ወዳድ ጎብኚዎች አስመስሎ የሲሼልስን መንግሥት ሊገለብጥ ሄደ። በማሄ አየር ማረፊያ የጉምሩክ ሠራተኛ ከአንዱ ሻንጣ ጠመንጃ አገኘ፤ ሤራውም ከሸፈ። ቅጥረኞቹ በጠለፉት የሕንድ አውሮፕላን ወደ ደርባን ሸሹ፤ ሆርም በጠለፋ ወንጀል ተፈርዶበት ታሰረ።

«የዱር ዝዮች» ሊያስበው ያልቻለው ገጸ ባሕርይ ይህ ሠራተኛ ነው፤ ማንም ሳያዝለው፣ በገዛ እግሩ ቆሞ የአገሩን በር የሚጠብቅ አፍሪካዊ።