ስለ ድሪቶና ስለ ሳሺኮ

«ድሪቶ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉም ይሸከማል። በአንድ ወገን እራፊ በእራፊ ላይ እየተደራረበ የተሰፋ፣ ድኻ ከብርድ የሚድንበት፣ መናኝም ዓለምን መናቁን የሚገልጽበት ልብስ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ መያዣ መጨበጫ የሌለውን ድርሰት «ይህማ ድሪቶ ነው» ብለን የምናጣጥልበት ስድብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ጉዳይ ከዚህ ይነሣል። መጣፍና መደረት በእኛ ዘንድ የስድብ ስም ሲያተርፍ፣ በጃፓን አገር «ሳሺኮ» የሚባለው ተመሳሳይ ሥራ እንዴት ከጥበብ ሊቆጠር ቻለ? ይህንንስ ጥበብ በእጃችን ለመማር ብንፈልግ፣ ልንወስደው የሚገባን የትኛውን ወገኑን ነው?

ጃፓንን እንደ አርአያ መመልከት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. ያን አገር ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዘመን በጃፓን ፋብሪካዎች የተሠራ የጥጥ ጨርቅ በገበያችን በብዛት ይሸጥ ነበር። ይሁን እንጂ ጨርቁ ሲመጣ፣ ጨርቁ ባረጀ ጊዜ የሚጠገንበት ጥበብ ከእርሱ ጋራ አልመጣም።

ሳሺኮ ማለት በቋንቋቸው «ጥቃቅን ውግታ» እንደ ማለት ነው። አሠራሩም እጅግ ቀላል ነው፤ ባለ ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም በሆነ ጨርቅ ላይ፣ በነጭ የጥጥ ክር፣ መርፌን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ ቀጥ ባለ መሥመር መስፋት ነው። የሄምፕ ቅጠል፣ የባሕር ማዕበል፣ መስቀልኛ መሥመር እየተባለ ስም የተሰጠው የጌጥ ዐይነት ሁሉ የሚወጣው ከዚህ ከአንዱ ስፌት ነው።

የሥራው መነሻ ግን ጌጥ አልነበረም። ኤዶ በተባለው ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 ዓ.ም.) በሰሜን ጃፓን፣ ትሱጋሩ በሚባለው ግዛት፣ ከብርዱ የተነሣ ጥጥ አይበቅልም ነበር። ገዢዎቹም ባላገሩ የጥጥ ልብስ እንዳይለብስ ከለከሉ። ስለዚህ የገበሬ ሚስቶች ከሄምፕ ቃጫ በተሸመነው ስስ ልብስ ላይ የጥጥ ክር እየሰፉ፣ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፈኑት። ይህንንም ሲሠሩ የጨርቁን ድር አንድ፣ ሦስት፣ አምስት እያሉ ጎዶሎ ቍጥር ይቈጥሩ ነበር። ከዚህ ቈጠራ የተወለደው ባለ አራት ማዕዘን ጌጥ «ኮጊን» ተብሎ እስከ ዛሬ ይታወቃል።

ሒሳችን የሚመሠረትበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በኮጊን ሥራ ላይ ጌጡ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ አይደለም። ሙቀት የሚሰጠው ስፌትና ዐይን የሚማርከው ስፌት አንድ ናቸው። ክሩ ቢነቀል ጌጡ ብቻ ሳይሆን ልብሱም ይጠፋል። እኛም መልካሙን ጥገና ከከንቱው የምንለይበት ሚዛን ይኸው ነው፦ ዕቃውን ዳግመኛ ለአገልግሎት ያበቃ ጥገና ያማረ ነው፤ አገልግሎቱን ረስቶ ለመታየት ብቻ የተሠራው ግን ጥገና አይባልም።

ጃፓኖችም ቢሆኑ ይህን ሥራ ያከበሩት ወዲያው አልነበረም። ከባቡር ሐዲድ ጋራ የፋብሪካ ጥጥ ወደ ሰሜኑ በገባ ጊዜ ኮጊን ተዳከመ፤ «ቦሮ» የሚሉት፣ ከእኛ ድሪቶ የማይለየው ልብስም የድኽነት ማስረጃ ነው ተብሎ የሚታፈርበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. በቶክዮ የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየምን ያቋቋሙት ያናጊ ሶዬትሱ የእነዚህን ስም የለሽ ሠራተኞች ውበት በጽሑፍ አስረዱ። ታናካ ቹዛቡሮ የተባሉትም ሰው በሰሜኑ አገር ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ የተጣለውን ሰበሰቡ። ከስብስባቸውም ውስጥ 786 ልብስና ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት የሕዝብ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። እንግዲህ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት የእጅ ልዩነት አይደለም፤ የአስተያየት ልዩነት ነው።

ወደ ቅርባችን ስንመለስ፣ ሳሪስ አቦ ከአዲስ አበባ መኻል ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የሚገኝ፣ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን የሚጠራ ሰፈር ነው። አጠገቡ ያለው አደይ አበባ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከክር ፋብሪካ ነው። ስለ ክርና ስለ መርፌ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። በዚህም ሰፈር፣ እንደ ሌላው የከተማችን ክፍል ሁሉ፣ የመንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ቀዳዳውን በመኪና ደፍኖ እንዳይታይ ያደርጋል፤ እናት ደግሞ በቤቷ የጋቢውን ጫፍ በእጇ ትሰፋለች። የፊተኛው ሥራ ዋጋ ይከፈልበታል፤ የኋለኛው ግን ስም እንኳ የለውም። ይባስ ብሎም ሆን ተብሎ የተቀደደ ሱሪ እንደ ደኅና ልብስ ይሸጣል። ይህ በእኛ ሚዛን የጥገና ተቃራኒ ነው፤ እጅ ያልደከመበትን እርጅና በገንዘብ መግዛት ነውና።

ሳሺኮን ለመማር የሚፈልግ ሰው የጌጡን ሥዕል ከመገልበጡ አስቀድሞ ሕጉን ይማር። መርፌውን ሳይሆን ጨርቁን ያንቀሳቅስ፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ስፌት በመርፌው ላይ ይሰብስብ። የፊቱ ስፌት የሩዝ ቅንጣት ያህል ሆኖ ከጀርባው ጥቂት ይርዘም። በመታጠፊያው ላይ ክሩን አላላ አድርጎ ይተው፤ አለዚያ ጨርቁ ይኰማተራል። ከሁሉም በላይ ክሩ ከጨርቁ የበረታ አይሁን፤ ብርቱ ክር ያረጀውን ጨርቅ ከጥገናው ጎን ይቀደዋልና። ስለዚህ የሄምፕን ቅጠል ጌጥ በጠንካራ ክር አጥብቆ በጋቢ ላይ መስፋት ስሕተት ነው። ለጋቢ የሚስማማው በእንዝርት የተፈተለው የራሱ ለስላሳ ክር ነው።

ድርን ቈጥሮ ጌጥ ማውጣትም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሽማኔዎቻችን ጥበቡን በሸማው ጫፍ ላይ የሚጥሉት በዚሁ ቈጠራ ነው። የብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰውም ሌላ ምስክር ያገኛል። ብራናው ሲፋቅ የተቀደደው ስፍራ በክር ተሰፍቶ ይታያል፤ ጸሐፊውም ስፌቱን ሳያፍርበት ቃሉን በግራና በቀኝ አሳልፎ ይጽፋል። እንግዲህ በመጽሐፍ ላይ ያከበርነውን ስፌት በድኻ ትከሻ ላይ ስላየነው ብቻ መናቃችን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባናል። ድሪቶን ማክበር ድኽነትን ማመስገን አይደለም። የኮጊን ውበት ገበሬውን ጥጥ የከለከለውን ደንብ ከነቀፌታ አያድነውም፤ ያቺም ሴት አዲስ ልብስ ብታገኝ በደስታ በለበሰች ነበር። ምስጋናችን ለእጇና ለትዕግሥቷ እንጂ ለብርዱ አይደለም።

ስለዚህ አስተያየታችን ይህ ነው። የእጅ ሥራ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ተማሪው በተቀደደ የራሱ ልብስ እንዲጀምር ያድርጉ፤ ከጃፓን ሕጉን፣ ከሽማኔ ቈጠራውን፣ ከእናቱ ክሩን ይውሰድ። ቅርስ የሚጠብቁ ባለሥልጣኖችም ድሪቶውን ከመጣሉ በፊት ከነአገሩና ከነሠሪዋ ስም ይመዝግቡ። ጃፓኖች የቦሮ ሠሪዎቻቸውን ስም ሳይዙ ልብሱን ብቻ አተረፉ። የእኛ እናቶች ግን ገና በሕይወት ሳሉ ስማቸውን መጠየቅ እንችላለን።