ሳይነኩት ዝቅ ያለ ፒክአፕ

ሜካኒኩ ተንበርክኮ ሜትሩን ከኋላው ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ዘረጋ። ተነሥቶ በካሶኒው ዞረና ሌላውንም ጎን እንዲሁ ለካ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ሁለቱን ቁጥሮች ሲሚንቶው ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸው። ግራው ከቀኙ በኢንች ሦስት አራተኛ ዝቅ ብሏል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

“ጋሼ፣ 3 ኢንች ብቻ ዝቅ እንዲያደርጉልኝ ነው። ዕቃውንም ገዝቼ መጥቻለሁ” አለ ባለመኪናው፣ የያዘውን ካርቶን ከፍ አድርጎ። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት የብረት ብሎኮችና አራት ረጃጅም የዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች አሉ።

“ይሁን የኔ ልጅ። መጀመሪያ ግን እስከ ዛሬ በራሱ ስንት እንደወረደ እንወቅ።”

ጋራዡ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጣ ሸቭሮሌት ኤስ-10 ፒክአፕ ሲሆን የሚነዳውም በኋላ ጎማው ብቻ ነው። ሜካኒኩ እጁን የፈታው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ የአይሱዙ ባሌስትራ እያወረደና እየሰቀለ ነው። እዚያ ሰው ባሌስትራ የሚያሠራው መኪናው ጭነት እንዲችል ነበር። አንድ ዝርግ ብረት ይጨመርለታል፤ ቀጥ ብሎ የተዘረጋውም እንደገና እንዲጎብጥ ይደረጋል። እዚህ ደግሞ ፒክአፕ ይዞ የሚመጣው ወጣት ዝቅ አድርጉልኝ ባይ ነው። ጥያቄው ቢገለበጥም ምርመራው አልተለወጠም።

ባሌስትራ ከጣሊያን ጋር የገባ ቃል ነው። በጣሊያንኛ ጥንት በምላጭ የሚተኮሰውን የቀስት ዓይነትም እንዲሁ ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ብረቱን ከጎኑ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከታች አጭር፣ ወደ ላይ እየረዘሙ የሚሄዱ ዝርግ ብረቶች እንደ ደጋን ጎብጠው ተደራርበዋል፤ በመሃላቸው አንድ ብሎን ወግቷቸው ያልፋል። የላይኛው ብረት ሁለቱ ጫፎቹ ተጠቅልለው ዓይን ሠርተዋል። አሠራሩ ከመኪና በፊት የነበረ ነው። እንግሊዛዊው ኦባዲያ ኤሊዮት ለሠረገላ የሚሆን ባሌስትራ የባለቤትነት መብት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1804 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲም በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው።

መኪናን ዝቅ ማድረግ ደግሞ የካሊፎርኒያ ልጆች ጥበብ ነው። የግዛቲቱ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የትኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዲወርድ ተደርጎ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት ኮርቬቱ ላይ ሃይድሮሊክ ገጠመና መኪናውን እንዳሻው ከፍና ዝቅ ማድረግ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ትንንሾቹ ፒክአፖች ማለትም ኒሳን፣ ማዝዳ፣ ቶዮታ፣ ፎርድ ሬንጀርና ኤስ-10 ተራቸው ደረሰ። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ነው። የዛሬዎቹ ወጣቶች የሚፈልጓቸው እነዚያኑ መኪኖች ነው፤ ብረታቸው ግን ከ30 ዓመት በላይ ተሸክሟል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፊቱ ከፍ ይላል፤ ካሶኒው ሲጫን እንዲስተካከል ታስቦ ነው። ስለዚህ ያረጀ ፒክአፕ ባዶውን ቆሞ ፊትና ኋላው እኩል ከሆነ፣ ገዢው በአቋሙ ሊማረክ ይችላል። ባለሙያ ግን ያንኑ አቋም አይቶ ይጠረጥራል። ያ ቀጥ ያለ መልክ የባሌስትራው መድከም ሊሆን ይችላልና።

የመለካት ሥራ ቀላል ይመስላል፤ በጥድፊያ ከተሠራ ግን ይዋሻል። ወለሉ ድልዳል፣ የጎማዎቹ ነፋስ እኩል፣ ካሶኒው ባዶ መሆን አለበት። በክሪክ ተነሥቶ የወረደ መኪና ወዲያው አይለካም። ጎማዎቹ መሬቱን ይዘው ስለሚቀሩ መኪናው ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ መንቀሳቀስ፣ ካሶኒውም ሁለት ሦስቴ ተጭኖ መለቀቅ አለበት። የሚለካው ከመሬት ሳይሆን ከጎማው መሃል ነው፤ አንዱ ጎማ ከሌላው የተበላ እንደሆነ ከመሬት የተወሰደ ቁጥር ያሳስታል። ፓራፋንጎ ተጋጭቶ የተጠገነም ሊሆን ስለሚችል፣ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለው ርቀትም በሁለቱም በኩል ይለካል።

ሜካኒኩ ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ አሁንም ባሌስትራውን አልወነጀለም። የፊት ሞላ ሲደክምም መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ዘንበል ማለቱ ኋላም ድረስ ይታያል። ስለዚህ ክሪኩን ከፊት፣ ልክ በመኪናው መሃል መስመር ላይ አስገብቶ የፊቱን ክብደት በአንዲት ነጥብ ላይ አሳረፈው። እንዲህ ሲሆን የፊት ሞላዎች ግራና ቀኝ የመግፋት ዕድል አያገኙም። ኋላው እንደገና ሲለካ የግራው መውረድ እንዳለ ነው። ጥፋቱ የኋላው መሆኑ ያኔ ታወቀ።

ከሥር ገባ። ከመግባቱ በፊት ግን መኪናው ከሻንሲው በጠንካራ ማቆሚያዎች ላይ ተደግፏል፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ሕይወቱን ለአንዲት የክሪክ ላስቲክ አደራ ሰጥቷል። በባትሪ መብራት ግራውን ባሌስትራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት። እያንዳንዱ ብረት ከላዩ ያለውን በሚነካበት ጫፍ ላይ በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ብረት በብረት ላይ ለዓመታት ሲንሸራተት የሚተወው ምልክት ነው። በዓይኖቹ ውስጥ ያለው የጎማ ቡሽንግ ክብነቱን አጥቶ እንቁላል መስሏል። ባሌስትራውን ከኋላ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ተወዛዋዥ ማያያዣም ወደ ኋላ ጋደል ብሏል። ጎባጣ ብረት ቀጥ ሲል ይረዝማልና ማያያዣውን እየገፋ ይሄዳል። የማያያዣው ጋደል ማለት መድከሙን ለማወቅ ከሜትር የማያንስ ምስክር ነው።

ቀጥሎ ክር ወጠረ። ከፊተኛው ዓይን መሃል እስከ ኋለኛው ዓይን መሃል ክሩን ዘርግቶ፣ ከክሩ እስከ ዋናው ብረት ያለውን ጥልቀት በመሃሉ ብሎን ላይ ለካ። የግራው ጉብጠት ከቀኙ በግልጽ ያንሳል። ስንጥቅ ፍለጋ ደግሞ የዓይኖቹን ዙሪያና የመሃሉን ብሎን አካባቢ በሽቦ ብሩሽ ጠረገ፤ ብረት ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። ስንጥቅ አላገኘም። ካሶኒው ላይ ግን፣ በግራ በኩል፣ የመሣሪያ ሳጥን ተበይዶ የኖረበት ጠባሳ አለ። ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዱ ለዓመታት ሙሉ ሸክሙን በአንድ ትከሻ አሸክሞታል።

ስለ ደከመ ባሌስትራ ሰው በብዛት የሚያምነው ነገር ስሕተት ነው። “ላልቷል” ይላሉ፤ ብረቱ ለስልሶ ጎማ የሆነ ያህል። የብረት የመለጠጥ ባሕርይ ግን በእርጅና ይህን ያህል አይለወጥም። የሚጠፋው ቁመቱ ነው፤ ከመጠን በላይ ተደጋግሞ የተጫነ ብረት ወደ መጀመሪያ ጉብጠቱ መመለሱን ያቆማል። ከዚያች ከወረደባት ቦታ ተነሥቶ ግን ለተጨመረበት ክብደት እንደ ድሮው ይመልሳል። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ በቂ ነው፤ የጭነቱ ያህል ዝቅታው ይጨምራል። ሜካኒኩ ካሶኒው መሃል፣ ከአክስሉ ትይዩ፣ 100 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት ጫነና ለካ፤ ሌላ 100 ኪሎ ጨምሮ እንደገና ለካ። ሁለቱም ጎኖች በየደረጃው እኩል ወረዱ። ግራው ወርዷል እንጂ አልተሰበረም ማለት ነው።

ግራው በይበልጥ ቢወርድ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ወይ ከውስጥ የተሰበረ ብረት አለ፤ ወይ ዝገት በልቶታል። ዝገት ደግሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የአንድ ዝርግ ብረት ግትርነት ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር ይሄዳል። ከውፍረቱ አንድ አሥረኛውን ያጣ ብረት ከግትርነቱ ከሩብ በላይ ያጣል። በበረዶ ወራት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር ያደገን ፒክአፕ ዝገቱን አራግፎ ሳያዩ ባሌስትራው ደህና ነው ማለት የማይገባው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ። በኋላ ጎማ በሚነዳው ኤስ-10 አክስሉ የተቀመጠው ከባሌስትራው በላይ ነው። በመካከላቸው ብሎክ ሲገባ አክስሉ ወደ ሻንሲው ይቀርባል፤ መኪናው በብሎኩ ልክ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1987 በተሠራው ትልቁ ሸቭሮሌት ሲ-10 ግን ባሌስትራው ነው ከአክስሉ በላይ ያለው፤ እዚያ ያው ብሎክ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል። ለዚያ መኪና የሚሠራው አክስሉን ከሥር አውጥቶ ከላይ ማስቀመጥ ነው። ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ከመኪናው ሥር ያላየ ሰው የተሳሳተ ካርቶን ይዞ ይመጣል።

ይህ ወጣት ዕቃውስ ትክክለኛውን ነው የገዛው። ችግሩ ቦታው ነው። አክስሉ ወደ ላይ ሲመታ የሚቀበለው ላስቲክ አለ፤ በአክስሉና በላስቲኩ መካከል ያለው ክፍተት የባሌስትራው መተንፈሻ ነው። ሜካኒኩ ለካው። ቀኙ 3 ኢንች ተኩል፣ ግራው 2 ኢንች ከሦስት አራተኛ። 3 ኢንች ብሎክ ቢገባ የግራው አክስል መኪናው ቆሞ ሳለ ላስቲኩ ላይ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ባሌስትራው ሥራ ፈትቶ እያንዳንዱ የመንገድ ጉድጓድ በቀጥታ ሻንሲውን ይመታል። በዚህ መልክ ተነድተው ሻንሲያቸው የተሰነጠቀ ፒክአፖች እጁ ገብተው ያውቃሉ።

መፍትሔው አዲስ ባሌስትራ ነበር። አሮጌውን አውርዶ ማጉበጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ብረቱ በእሳት ግሎ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ ካልሞቀ በብርዱ የተቀጠቀጠ ጉብጠት ብዙም አይቆይም። ያን በአግባቡ የሚሠራ ቤት ካልተገኘ አዲሱ ይሻላል። አዲሶቹ ጥንድ ሲገቡ ክፍተቱ በሁለቱም በኩል 4 ኢንች ተኩል ሆነ። 3 ኢንች ብሎክ ቢገባ የሚቀረው 1 ኢንች ተኩል ነው፤ ሜካኒኩ አልወደደውም። በ2 ኢንች ብሎክ ግን 2 ኢንች ተኩል ይተርፋል።

ወጣቱ ሒሳቡን በጠመኔው ቁጥሮች ላይ ራሱ ሠራው። ቀኙ ከዛሬው 1 ኢንች፣ ግራው ደግሞ ሩብ ኢንች ብቻ ነው የሚወርደው።

“ይህን ሁሉ ከፍዬ ግራው ሩብ ኢንች?”

“ሌላውን እኮ ወርዶ ነው የገዛኸው።”

ለ3 ኢንቹ መንገድ የለም ማለት አይደለም። ሻንሲው ከአክስሉ በላይ በግማሽ ክብ ተቆርጦ፣ በወፍራም ብረት ተጠናክሮ ሲበየድ ክፍተቱ ይሰፋል። ያ ግን የተፈተነ በያጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ካሶኒው ላይ ዕቃ ለሚጭን ሰውም አስፈላጊ አይደለም። ይህ ወጣት ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቱን ሱቅ ዕቃ ያመላልሳል። በ2 ኢንቹ ተስማማ፤ ቀሪውን ከፊት በአጫጭር ሞላ ለማስተካከል ተነጋገሩ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

ከዚህ በኋላ የቀረው ለዓይን የማይታየው ነው። አክስሉ ሲነሣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ አቅጣጫው ይለወጣል፤ በስስ ሽብልቅ ብረት ካልተስተካከለ መኪናው ይንቀጠቀጣል። የድሮው ሾክ አብዞርበር ለአዲሱ ቁመት ይረዝማል። የፊት መብራትም እንደገና መቃናት አለበት። ቶዮታ ፒክአፕ ያለው ሰው አንድ ነገር ይጨምር። በብዙዎቹ ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ፤ ካሶኒው ሲወርድ ተጭኗል ብሎ ለኋላ ጎማ ተጨማሪ ፍሬን ይሰጣል። መኪናው ዝቅ ሲደረግ ይህ ቫልቭ ካልተስተካከለ ባዶ መኪና በዝናብ ቀን ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማው ሊቆለፍ ይችላል።

ማምሻውን ኤስ-10ው ከጋራዡ ሲወጣ ግራና ቀኙ በአንድ ቁጥር ላይ ነበር። ሜካኒኩ ለወጣቱ የነገረው የመጨረሻ ቃል ለማንኛውም አንባቢ ይሆናል። አሮጌዎቹን የዩ ብሎኖች አትመልሷቸው፤ አንዴ ተስበዋል። አዲሶቹንም ቢሆን 100 ማይል ያህል ከነዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ዳዶዎቹን እንደገና አስጠብቁ።