የጽዋው ተራ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም ማኅበር ይጠጣሉ። በየወሩ መታሰቢያው ሲደርስ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጸሎት ደርሶ፣ ዳቦና ጠላ ቀርቦ፣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። ይህን ልማድ ከሃይማኖታዊ ትርጉሙ ሌላ የማደንቀው፣ መንፈሱ የደከመን ሰው «እርዱኝ» ከማለት ስለሚያሳርፈው ነው። ድባቴ አስቀድሞ የሚነጥቀው ከቤት የመውጣትንና ችግርን የማስረዳትን አቅም ነው። ማኅበሩ ግን ቀኑ የተቆረጠ ነውና ጥሪ አይጠብቅም፤ የቀረ አባል «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ሰው ይልክበታል።

ሐሜት ባለበት ማን ገመናውን ይገልጣል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የአእምሮ ሕመም ከእርግማንና ከክፉ መንፈስ ጋር በሚያያዝበት አገር ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ከማኅበርተኛ ጎን ለመቀመጥ ገመናን መናገር ግድ አይደለም። ጠላው የማይስማማው ሕመምተኛም ውኃ ቢቀዳለት ማኅበርተኝነቱ አይጎድልም። ማኅበር ሕክምናን ይተካል ማለት ግን ስሕተት ነው። በጉራጌ ሶዶ ተካሂዶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ ሕክምና ላይ የማኅበረሰብ ድጋፍ ሲታከል፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸው እንደሚቃና አሳይቷል። ድጋፉን ያደረሱትም ሐኪሞች ሳይሆኑ ለዚሁ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። በጋይንትም ከማኅበሩ የቀረውን የሚጠይቅ ሰው ከወዲሁ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሙሴዎቹ ጋር ቢመካከሩ፣ ጠያቂው የታመመውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወርድበትን ጊዜ ያውቃል።